ምዕራፍ 7፦ የጡንቻ ሰዓት

ጣቱን ማሽን የቆረጠው አንድ ሰውና ክንዱ ከክርኑ በላይ የተቆረጠ ሌላ ሰው በአንድ ቀን አንድ ሆስፒታል ደረሱ እንበል። የተቆረጡት አካሎችም አብረዋቸው መጥተዋል። ቀዶ ሐኪሞቹ ሁለቱንም መልሰው ለመትከል ይነሣሉ፤ የሚሠሩበት ቅደም ተከተል ግን አንድ አይደለም። ጣቱን የያዘው ቡድን መጀመሪያ አጥንቱን ያጋጥማል፣ ቀጥሎ ጅማቱን ይሰፋል፣ ወደ ደም ሥሩ የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ረጋ ብሎ ነው። ክንዱን የያዘው ቡድን ግን ብዙ ጊዜ አጥንቱ እንደተለያየ፣ ገና ምንም ሳይሰፋ፣ በተቆረጠው የደም ቅዳ ሁለት ጫፎች መካከል ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ያስገባና ደሙ እንዲያልፍ ያደርጋል። ሌላው ሁሉ ይቆያል።

ክንድ ከጣት ስለሚበልጥ ነው ብንል መልሱ አይሞላም። እግርም ሆነ እጅ ሲጨፈለቅ ሐኪሞች የሚያደርጉት ሩጫ፣ የሚመርጡት ቅደም ተከተልና አንዳንዴም የሚወስኑት ከባድ ውሳኔ፣ ሁሉም የሚመነጨው ከአንድ ሥጋ ትዕግሥት ማጣት ነው። ይህ ሥጋ ጡንቻ ነው። በ3ኛው ምዕራፍ ደም ቅዳ ከልብ ደም እንደሚያመጣ፣ ደም መልስ ደግሞ ወደ ልብ እንደሚመልስ አይተናል። ባለፈው ምዕራፍ ደግሞ አጥንት በሳምንታትና በወራት እንደሚሽር ተነጋግረናል። እዚህ የምንቆጥረው በሰዓት ነው።

ጣት ጡንቻ የለውም

በግራ እጅዎ የቀኝ ክንድዎን ከክርኑ ዝቅ ብለው ይጨብጡ። አሁን የቀኝ ጣቶችዎን በገና እንደሚደረድር ሰው ያንቀሳቅሱ። የሚንቀሳቀሱት ጣቶችዎ ናቸው፤ ከግራ መዳፍዎ ሥር ግን አንድ ነገር ሲኮማተርና ሲላላ ይሰማዎታል። ጣትን የሚያጥፈው ዋናው ጡንቻ ያለው እዚያ ነው። ጣቱ ራሱ አጥንት፣ ጅማት፣ ነርቭ፣ ስብ፣ ቆዳና ቀጫጭን የደም ሥሮች እንጂ እንቅስቃሴን የሚፈጥር ጡንቻ የለውም።

የጋሪ ነጂን ያስቡ። ነጂው ከኋላ ተቀምጦ ልጓሙን ይስባል፤ ፈረሱ ፊት ለፊት አንገቱን ያዞራል። ጡንቻው ነጂው ነው፤ ጅማቱ ልጓሙ ነው። ጣት ሲቆረጥ ልጓሙ ተበጥሷል፤ ነጂው ግን ክንድ ላይ፣ ደም በሚያገኝበት ቦታ በደህና ተቀምጧል። ክንድ ከላይ ሲቆረጥ ነጂውም አብሮ ተቆርጧል ማለት ነው። ሐኪሙም የሚሮጠው ለእሱ ነው።

ውሃ የተቋረጠበት ማሳ

በመስኖ የሚለማ አንድ ማሳ እናስብ። በአንዱ ጥግ ሰላጣ አለ፣ መሐል ላይ በቆሎ አለ፣ ዳሩ ደግሞ በቁልቋል ታጥሯል። ቦዩ ጠዋት ተናደ። በበጋ ፀሐይ ሰላጣው ከቀትር በፊት አንገቱን ይደፋል። በቆሎው ቀናት ይታገሳል። ቁልቋሉ ቦዩ መናዱን እንኳ ያወቀ አይመስልም። የተቆረጠ ወይም ደም ቅዳው የተበጠሰ እጅና እግርም እንዲሁ የተለያየ ትዕግሥት ያላቸው አዝርዕት የተዘሩበት ማሳ ነው። ቆዳ፣ ጅማትና አጥንት ታጋሾች ናቸው። ጡንቻ ሰላጣው ነው።

ቁጥሩ ይህን ይመስላል። ያልቀዘቀዘ ጡንቻ ደም ከተቋረጠበት ጥቂት ሰዓታት በኋላ መጎዳት ይጀምራል፤ ሐኪሞች በአጠቃላይ የሚሠሩበት ገደብ 6 ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ደም ቢመለስም ጡንቻው የማይመለስበት ዕድል በየደቂቃው ይጨምራል። ጡንቻ የሌለው ጣት ግን ሳይቀዘቅዝ 12 ሰዓት ያህል፣ በአግባቡ ከቀዘቀዘ ደግሞ 24 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊታገስ ይችላል።

ጡንቻ ለምን እንዲህ ቸኮለ? እያንዳንዱ ሕዋስ ውሃ የምትሰርግ ጀልባ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ሶዲየም የተባለው ጨው ያለማቋረጥ ከውጭ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ያሉ ፓምፖችም ጀልባዋን በጣሳ እንደሚያንጠፈጥፍ ቀዛፊ ያለማቋረጥ መልሰው ያወጡታል። ቀዛፊው የሚበላው ኦክስጅን የሚያመነጨውን ጉልበት ነው። ደም ሲቋረጥ ሕዋሱ ያጠራቀመውን ስኳር ያለ ኦክስጅን ማቃጠል ይጀምራል፤ ይህ ትንሽ ጉልበት ይሰጣል፣ ትርፉ ግን አሲድ ነው። ስንቁ ሲያልቅ ጣሳው ይቆማል። ሶዲየም ይገባል፣ ውሃ ይከተለዋል፣ ሕዋሱ ያብጣል፣ በመጨረሻም ግድግዳው ይቀደዳል። ጡንቻ ጉልበት በብዛት የሚበላ ሥጋ ስለሆነ ስንቁ ቶሎ ያልቃል።

ቅዝቃዜ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በወረደ ቁጥር የሕዋሱ ፍጆታ በግምት በግማሽ ይቀንሳል፤ ስንቁ እጥፍ ጊዜ ያቆያል። ስለዚህ ይህን ምዕራፍ ከሚያነቡ ሰዎች አንዱ እንኳ አንድ ቀን ሊጠቀምበት ይችላልና በግልጽ ልጻፈው። የተቆረጠውን አካል በንጹሕ፣ በውሃ በረጠበ ጎዝ ወይም ጨርቅ ይጠቅልሉት። ውሃ በማያስገባ ፌስታል ውስጥ ከተው አፉን በደንብ ይሰሩት። ያንን ፌስታል በረዶና ውሃ በተቀላቀለበት ሌላ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡ። በረዶው ሥጋውን በቀጥታ አይንካው፤ የቀዘቀዘ ሥጋ ይድናል፣ በረዶ የሆነ ሥጋ ግን ይሞታል። አልኮል፣ ቡና፣ ማር ወይም ሌላ ነገር አያፍስሱበት። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሰውየው ደም በጥብቅ ተጭኖ ይቁም። ጉዳቱ የደረሰበትንም ሰዓት በወረቀት ጽፈው ከአካሉ ጋር ይላኩት፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ጦርነት የጻፈው መዝገብ

የደም ቅዳ መመለስ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከጦር ሜዳ መዛግብት ይበልጥ የሚያስረዳ የለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች የተበጠሰ ደም ቅዳ ሲያገኙ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ያስሩት ነበር። ወታደሩ ደሙ ፈስሶ እንዳይሞት ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም። ማይክል ደበኪና ፊዮሬንዞ ሲሞኔ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተሙት ጥናት 2,471 የደም ቅዳ ጉዳቶችን መርምረው፣ ደም ቅዳቸው ከታሰረባቸው እጅና እግሮች 49 በመቶ ያህሉ መቆረጣቸውን አሳዩ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በኮሪያ ጦርነት ሐኪሞች ደም ቅዳውን ከማሰር ይልቅ መስፋት ጀመሩ፤ ሄሊኮፕተርም ቁስለኛውን ቶሎ ያደርስላቸው ነበር። የሚቆረጠው ድርሻ ወደ 13 በመቶ ወረደ። የሁለቱ ጦርነቶች አጥንት አንድ ዓይነት አጥንት ነው፤ የተለወጠው ውሃው ወደ ማሳው መመለሱና የተመለሰበት ፍጥነት ነው።

ቦስተን፣ ግንቦት 1962

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1962፣ በአሜሪካ ሶመርቪል ከተማ አንድ የ12 ዓመት ልጅ በዕቃ ጫኝ ባቡር ላይ ተንጠልጥሎ ሲሄድ ከድንጋይ ግንብ ጋር ተጋጨ። ቀኝ ክንዱ ከትከሻው ዝቅ ብሎ ሙሉ በሙሉ ተቆረጠ፤ ክንዱ በልብሱ እጅጌ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ቦስተን ወደሚገኘው ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሲወስዱት ሮናልድ ማልት የተባለ የ30 ዓመት ቀዶ ሐኪም ተረኛ ነበር። ከዚያ በፊት ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ የሰው ክንድ መልሶ ተክሎ ያዳነ ሐኪም አልነበረም።

እኔን የሚያስደንቀኝ የቡድኑ ድፍረት ብቻ አይደለም። አዲስ የሚባል መሣሪያ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። ደም ሥር መስፋት ይታወቅ ነበር፤ አጥንት በብረት ዘንግ ማያያዝ ይታወቅ ነበር፤ ነርቭ መስፋትም እንዲሁ። የጎደለው እነዚህን የተለያዩ ሙያዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በአንድ ሰዓት ቁጥጥር ሥር ማሰለፍ ነበር። ክንዱን አቀዘቀዙት፣ ደም ሥሮቹን ሰፉ፣ አመዳይ የመሰለው እጅ ወደ ሮዝ ቀለም ሲመለስ በዓይናቸው አዩ። ነርቮቹን ግን ያን ቀን አልነኳቸውም፤ ከወራት በኋላ እንዲሠሩ አቆዩአቸው። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ቼን ዦንግዌይና ባልደረቦቹ ሻንጋይ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ ሠራተኛን የተቆረጠ እጅ መልሰው ተከሉ።

ከጥልፍ ሠሪዋ የተማረው ሐኪም

የደም ሥር መስፋት ራሱ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1894 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ሊዮን ከተማ ውስጥ በጩቤ ተወግተው ትልቅ ደም ሥራቸው ተበጠሰ፤ በዘመኑ የሚሰፋው ሰው ስላልነበረ ሞቱ። በዚያው ከተማ የነበረው ወጣቱ አሌክሲስ ካሬል ይህ ነገር ከአእምሮው አልወጣም። ሊዮን የሐር ከተማ ናት። ካሬል ወደ አንዲት የታወቀች ጥልፍ ሠሪ ሄዶ በቀጭን መርፌና በቀጭን ክር መሥራትን ተማረ።

ያወጣው ዘዴ በጣም ቀላል ስለሆነ ለማንም ማስረዳት ይቻላል። የደም ሥር አፍ ክብ ነው፣ ለስላሳና ልፍስፍስ ነው። ሁለት ልፍስፍስ ክቦችን ዙሪያቸውን ሲሰፉ መርፌው ሳይታሰብ የወዲያኛውን ግድግዳ ይወጋና ቱቦውን ይደፍነዋል። ካሬል በክቡ ላይ ሦስት ቦታ ክር አስገብቶ ወደ ሦስት አቅጣጫ ወጠረው። ክቡ ሦስት ማዕዘን ሆነ። አሁን የሚሰፋው ሦስት ቀጥ ያሉ ጠርዞችን ነው፤ ቀጥ ያለ ጠርዝ ደግሞ የነጠላ ጥለት የጠለፈ ሰው ሁሉ ይችለዋል። ዘዴውን በ1902 አሳተመ፤ በ1912 የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

የጣት ደም ቅዳ ግን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስፋት አለው። ለእሱ ዓይን አይበቃም። በ1960 ጁሊየስ ጃኮብሰን አሜሪካ ውስጥ ማይክሮስኮፕን ለደም ሥር ስፌት አዋለ፤ በ1965 ደግሞ ኮማትሱና ታማይ ጃፓን፣ ናራ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ አውራ ጣት መልሰው ተከሉ። ዛሬ ለዚህ የሚውለው ክር ውፍረቱ የሰውን ፀጉር ሲሦ ያህል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ደም መልሱ ነው። ደም ገብቶ የማይወጣበት ጣት መውጫ እንደሌለው ማሳ ነው፤ ይጨቀያል። መጀመሪያ ሐምራዊ ይሆናል፣ ከዚያ ይጠቁራል። ደም መልሱ ተፈጭቶ የሚሰፋ ነገር ሲጠፋ ሐኪሞች የሚጠሩት ረዳት የከብት እረኛ ሁሉ የሚያውቀው አልቅት ነው። አልቅት የተጠራቀመውን ደም ይመጥጣል፤ በምራቁ ውስጥ ያለው ነገር ደግሞ እሱ ከወደቀ በኋላም ደሙ እንዳይረጋና እየተንጠባጠበ እንዲወጣ ያደርጋል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰውነት የራሱን አዲስ መውጫ ያበጃል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 አልቅትን ለዚህ አገልግሎት ፈቅዷል።

ውሃው ሲመለስ

የተናደ ቦይ ተጠግኖ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ውሃ ድፍርስ ነው፤ በቦዩ ውስጥ የተጠራቀመውን ሁሉ እያጠበ ይወርዳል። ጡንቻም ለሰዓታት ደም አጥቶ ሲቆይ አሲድ፣ ፖታሲየምና የፈረሰ ጡንቻ ቀለም ያጠራቅማል። ደም ሲመለስ ይህ ሁሉ ወደ ልብና ወደ ኩላሊት ይሄዳል። ፖታሲየም የልብን ምት ያዛባል፤ የጡንቻው ቀለም ሽንትን ጥቁር ሻይ አስመስሎ ኩላሊትን ይደፍናል። እ.ኤ.አ. በ1941፣ ለንደን በቦምብ ስትደበደብ፣ ኤሪክ ባይዋተርስና ዴዝሞንድ ቢል ከፍርስራሽ ሥር በሕይወት ወጥተው፣ ደህና መስለው፣ ከቀናት በኋላ በኩላሊት ድካም የሞቱ ሰዎችን የመዘገቡት በዚህ ምክንያት ነበር። ሰዓቱ በጣም ያለፈበትን ትልቅ እግር ደም እንዲያገኝ ማድረግ ሰውየውን ሊገድለው ይችላል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ እግሩን ትቶ ሰውየውን ይመርጣል።

ሌላው ጣጣ እብጠት ነው። የእግር ጡንቻዎች ከጉልበት በታች በአራት ከረጢቶች ተከፋፍለው የታሸጉ ናቸው፤ ከረጢቱ ጠንካራና የማይለጠጥ ነው። ባቄላ የታጨቀበት ኬሻ ውሃ ሲገባበት ባቄላው ያብጣል፣ ኬሻው ግን አይሰፋም። ግፊቱ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይጨፈለቃሉ፤ ጡንቻው ለሁለተኛ ጊዜ ይራባል። ትልቁ ደም ቅዳ ግን እየመታ ሊቆይ ስለሚችል "ትርታው አለ" ብሎ መጽናናት ያሳስታል። ሐኪሙ ከረጢቱን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ ክፍት ይተወዋል። ለቤተሰብ የሚያስደነግጥ ትልቅ ቁስል ነው፤ እግሩን የሚያተርፈውም እሱ ነው።

ይህን ለመረዳት የባቡር አደጋ አያስፈልግም። በአገራችን ክንዱ የተሰበረ ልጅ በሸምበቆ ወይም በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ኬሻው ከውጭ ተሠራለት ማለት ነው። ወጌሾች ብዙ ስብራት ያሻሉ፤ የሚታመኑትም በከንቱ አይደለም። ጥብቅ እስር ግን እብጠት ለሚመጣበት ክንድ መውጫ አይተውም። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል፤ ጣቶቹ ያብጣሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ ይጠቁራሉ። ከዚያ ዝም ይላል። ቤተሰቡ "ተሻለው" ብሎ ይተኛል፤ ዝም ያለው ግን ነርቩ ስለደነዘዘ ነው። እስሩ በዚያች ሌሊት በመቀስ ቢፈታ ብዙ ጊዜ ክንዱ ይተርፋል። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ወጌሾችን ጠርቶ ይህንኑ አስተምሮ ነበር፤ በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመው ዘገባ እንደተገለጸው ከሥልጠናው በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጡ እጅና እግሮች ቀንሰዋል። ካነበብኳቸው የሕክምና ሥራዎች ሁሉ በአነስተኛ ወጪ ብዙ እጅ ካተረፉት አንዱ ይህ ይመስለኛል።

መንገዱ ደግሞ አለ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የተጎዳ ሰው በጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በወረዳው ሆስፒታል፣ ከዚያ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ትልቁ ከተማ ሲሄድ የጡንቻው ገደብ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ መኪና ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። ከላይ የጠቀስኩት የፕላስቲክ ቱቦ ለዚህ ትልቅ ተስፋ ነው። ማይክሮስኮፕ አይፈልግም፤ በማንኛውም ቀዶ ክፍል በደቂቃዎች ይገባል፣ በክር ይታሰራል፣ ደም ያልፋል። የቁስለኛው እጅ ወይም እግር ደም እያገኘ ይጓዛል፤ ቋሚው ስፌት ሲደርስ ይሠራል።

ሰዓቱ ካለፈ

መቆረጥ ሽንፈት የሚመስለው ለብዙዎቻችን ነው፤ ለዓመታት ለሐኪሞችም እንዲሁ ነበር። በአሜሪካ ስምንት የአደጋ ሕክምና ማዕከሎች ውስጥ እግራቸው ክፉኛ የተጎዳ 569 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ሲታተም፣ እግራቸው በቀዶ ጥገና የተረፈላቸውና የተቆረጠባቸው ሰዎች ከሁለት ዓመት በኋላ በአጠቃላይ ተመሳሳይ የጤና ሁኔታ ላይ ነበሩ። ከሁለቱም ወገን ወደ ሥራ የተመለሱት ግማሽ ያህሉ ናቸው። እግሩ የተረፈለት ሰው ግን ተመልሶ ሆስፒታል የመተኛት ዕጣው ከፍ ያለ ነበር። የሰውየውን ውጤት የወሰነው በአብዛኛው ድህነቱ፣ ትምህርቱና አጠገቡ ያለው ወገን ነበር። ጥናቱ የተሠራው ጥሩ ሰው ሠራሽ እግር በሚገኝበት አገር ነውና እኛ ጋር ሚዛኑ ሊለይ ይችላል። ሆኖም ደም አግኝቶ ስሜት የሌለው፣ ዓመቱን ሙሉ የሚመግል እግር ተሸክሞ መኖር ለማን እንደሚበጅ ቤተሰብና ሐኪም ተቀምጠው በግልጽ ሊነጋገሩበት ይገባል።

ሁለተኛው ሰዓት

ደሙ ገብቶ፣ አጥንቱ ተያይዞ፣ ቁስሉ ተሸፍኖ ታካሚው ቤቱ ሲገባ ሁለተኛ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። እሱም የጡንቻው ነው። የተሰፋ ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ወዲያው አይሠራም፤ ከተቆረጠበት ቦታ ወደ ታች እንደ ሐረግ እንደገና ማደግ አለበት፤ ፍጥነቱም በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ነርቭ የማይደርሰው ጡንቻ ደግሞ ደም እያገኘም ቢሆን እየከሳ ይሄዳል፤ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ካልተደረሰለት የሚታዘዝ ሥጋ ሆኖ አይመለስም። ከትከሻ እስከ መዳፍ ያለው መንገድ በአዋቂ ሰው 600 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 600 ቀን ማለት ነው። ስለዚህ ከላይ የተቆረጠ የአዋቂ ክንድ በክርኑ ሊታጠፍ ይችል ይሆናል፣ የመዳፉ ጥቃቅን ጡንቻዎች ግን ብዙ ጊዜ ነርቩ ሳይደርስላቸው ይቀራሉ። የቦስተኑ ልጅ 12 ዓመቱ ነበር፤ ክንዱ አጭር፣ ነርቩም የልጅ ነርቭ ነበር። ስሜትም እንቅስቃሴም ቀስ በቀስ ተመለሱለት።

ሐኪሙ በየቀጠሮው በጣቱ ጫፍ የነርቩን መስመር ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይመታል። አዲሱ የነርቭ ጫፍ የደረሰበት ቦታ ላይ ሲደርስ ታካሚው መንዘር ይሰማዋል፤ "እዚህ ጋ" ይላል። ሐኪሙ በእስክሪብቶ ምልክት ያደርግና ካለፈው ወር ምልክት ያለውን ርቀት በማስመሪያ ይለካል። 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሆነ ሁለቱም ፈገግ ይላሉ፤ ታካሚው ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ ይዞ ይወጣል።